ሩብ ዙር በቀን አራቴ

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ሁለት እንቁላል በላሁ። በዐቢይ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሱቄ በር ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በላሁ። ዶክተሩ አጥንትሽ እንዲሞላ እንቁላልና ወተት እንዳትተይ ብሎኛል፤ የንስሐ አባቴም ለታመመ ሰው ተፈቅዷል ብለውኛል። ጎረቤቴ እትየ ማሬ ግን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አለፉ። ይለፉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጾሜ ያልተቃናውን እግር አሁን በብረት አቃናዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ቀኝ እግሬ ከተወለድሁ ጀምሮ ቆልማማ ነው። ጣቶቼ ወደ ግራ እግሬ ያያሉ፣ ተረከዜ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ የምረግጠውም በእግሬ ጎን ነው። መተማ ዮሐንስ መጥቼ የስፌት መኪና ይዤ ስቀመጥ ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም፤ «ቆልማማዋ ልብስ ሰፊ» ተባልሁ፣ በቃ። ጀለቢያ ሊያሰፋ ከጋላባት የሚሻገር ሱዳናዊ እንኳ በዚሁ ስም ጠይቆ ነው የሚያገኘኝ። ስሜ የሺእመቤት ነው። እዚህ እንኳ ይጻፍ።

ከአምስት ሳምንት በፊት ጎንደር ላይ ዶክተሩ የእግሬን አጥንት ቆርጦ ይህን ብረት አሰረልኝ። አንድ ቀለበት በቅልጥሜ ዙሪያ፣ ግማሽ ቀለበት በተረከዜ ዙሪያ፤ ቀጫጭን ሽቦዎች አጥንቴን ወግተው አልፈው ቀለበቶቹ ላይ ተወጥረዋል። ከውጭ የሚመጣው ዓይነት ዋጋው አይቀመስም፣ የዳዶውም ብዛት ያደናግራል አለኝ። ይኸኛውን እሱና አንድ መሐንዲስ ጓደኛው አስበው ጎንደር ውስጥ ብረት ቤት ያሠሩት ነው። ቁርጭምጭሚቴ ጎን ላይ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ነገር አለው፤ እኔ የማዞረው ዳዶም አንድ ብቻ ነው። በዳዶ መፍቻ ኪያቤ፣ ወደ ቀኝ፣ ሩብ ዙር፣ በቀን አራቴ፦ ጠዋት፣ ረፋድ፣ ከቀትር እንቅልፍ በኋላ፣ ማታ። ባዞርሁት ቁጥር ተረከዜ በትንሹ ወደ ታችና ወደ ውጭ ይሳባል፤ አንዲት ትንሽ ጠቋሚም ብረቱ ላይ በተቀቡት መስመሮች ላይ ትሄዳለች። ከእኔ በፊት ይህን ያሰሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አውቄ፣ ፈርሜ ገባሁበት።

ከዘገየሁ የተቆረጠው አጥንት ባለበት ይገጥማል፣ እግሬም ቆልማማ እንደሆነ ይደርቃል። ዶክተሩ ሁለተኛ ቢቆረጥ ቆዳሽ የሚችለው አይመስለኝም ብሎኛል። ስለዚህ ያለኝ ዕድል አንድ ነው፣ እሱም ይኸ ነው።

እማ ልታስታምመኝ ከአብርሃ ጅራ፣ ከወንድሜ ቤት ከመጣች ሁለት ሳምንት ሆናት። ኪያቤውን ሳነሣ ጆሮዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ብረቱም ይግላል። ቁስሌን በጨውና ፈልቶ በበረደ ውሃ አጠብሁ፤ መግል የለም፣ ተመስገን።

ስለ ብረቴ ዛሬ የተባለው፦ የባጃጁ ሹፌር «አንቴና ነው እንዴ፣ ካርቱምን ይስባል?» እትየ ማሬ «እግዜር የሠራውን ምነው ማረም አማረሽ?» ሱዳናዊቷ ደንበኛዬ ሐጃ ደግሞ ብረቱን በጣቷ ነካ አድርጋ «ኸላስ፣ በቃ፣ ዘንድሮ ትጨፍሪያለሽ!» የሐጃን ቀሚስ ጠርዝ በነጻ ሰፋሁላት።

ሐሳብ የሆነብኝ ሌላ ነው። ጠቋሚዋ ሁለተኛውን ቀይ መስመር ባለፈው ሳምንት ማለፍ ነበረባት። አላለፈችም። ፎቶ አንሥቼ ለዶክተሩ ላክሁለት፣ ወዲያው ደወለ። «በትክክል እያዞርሽ ነው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔን! የሰው ትከሻ በዓይኔ ለክቼ የማልሳሳተውን! «ዶክተር፣ የሰነፈው ያንተ ብረት ይሆናል እንጂ እኔ አልሰነፍሁም» አልሁት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አላለኝም። ሸሕዲ ከተማ ሄጄ ራጅ እንድነሣ አዘዘኝ። ከሸሕዲ ወዲያ የጎንደር መንገድ ሰሞኑን ዝግ ስለሆነ እሱ ዘንድ መድረስ አልችልም።

እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ምሳ በልቼ ራኩባው ጥላ ሥር የገመድ አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ። የሕመም ክኒኔን የምውጠው ያኔ ነው። ስነቃ እግሬ ቀለል ይለኛል። ከቀኑ ውስጥ ደህና የምላት ሰዓት እሷ ብቻ ናት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ወንድሜ አደራጀው ደወለ። እማ ነግራዋለች መሰለኝ፣ ድምፁ ገና ከሰላምታው ተቆጥቷል። «አስፈትተሽ ጣይው! እዚህ ደህና ወጌሻ አለልሽ። ደሞስ በዚህ ዕድሜሽ ለማን ብለሽ ነው?»

ለማን ብለሽ! ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ዋለ። ባል ፍለጋ መስሎታል። እኔ የምፈልገው ጫማ ነው ብለው አይገባው። ጥንድ ጫማ፣ ሁለቱም አንድ ልክ፣ ከሱቅ ገብቼ መርጬ የምገዛው። ስንት ጫማ ገዝቼ አንዱን እግር ብቻ አድርጌ ሌላውን ጥያለሁ። ይህን ሁሉ በስልክ አላልሁትም። «ለእግሬ ብየ» አልሁና ዘጋሁበት።

ከቀትር በኋላ ስነቃ ዳዶው ያብረቀርቃል። ነካሁት፤ ዘይት። የሰሊጥ ዘይት፣ ሽታውን አልስተውም። «እንዳይዝግ ብየ ነው ልጀ» አለች እማ። የማይዝግ ብረት ነው ብዬ ሳቅሁባት። ግን ሌላው ሰው አይቶት የሚሸሸውን እሷ ዘይት ትቀባዋለች።

ቆይቼ ስጋት ገባኝ። ዘይቱ አሟልጮት ዳዶው በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቢሆንስ? በልብስ ጠመኔዬ ከዳዶው እስከ ብረቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርሁ። ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ልብስ ላይ ስንት ጊዜ የሠራሁት ነገር ነው፣ እስካሁን ምነው ሳላስበው ቀረሁ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ጠዋት መስመሩ እንዳለ ነበር። አዞርሁ፣ ጠርጌ እንደገና አሰመርሁ። ረፋድ ላይም እንዲሁ። ምሳ በላሁ፣ ክኒኔን ዋጥሁ፣ ተኛሁ። ስነቃ መስመሩ ተሰብሯል። ግማሽ ዙር ወደ ኋላ! ጥርሴን ነክሼ ያዞርሁት የጠዋቱም የረፋዱም ገደል ገባ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ብረቱን ነው። አዲስ መስመር አሰመርሁና በግራ እግሬ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ቆየሁ፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሱሪ ጨረስሁ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ዶክተሩን ያለ ጥፋቱ ሰድቤዋለሁ። ዳዶው በራሱ አይዞርም። እንግዲህ የሚያዞረው እጅ ነው፣ በዚህ ቤት ያለነው ደግሞ ሁለት ሰዎች ነን። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ክኒኑን ምላሴ ሥር ደብቄ ቆየሁና እማ ስትዞርልኝ ተፋሁት። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልሁ።

መጣች። ኪያቤውን ከስፌት ሣጥኔ ስታወጣ ሰማሁ። ዳዶውን በዘይት አሸች። «እመብርሃን ታሳርፍሽ፣ እመብርሃን ታሳርፍሽ» እያለች ወደ ግራ አዞረችው። ሩብ። ሕመሙ ሲለቀኝ እንዴት እንዳረፍሁ አልክድም። ስላረፍሁ ዝም አልሁ። ሌላ ሩብ እስክትጨምር ድረስ ዝም አልሁ። ከዚያ ዓይኔን ገለጥሁ።

«እማ፣ ምን እያረግሽ ነው?»

ኪያቤው ከእጇ ወደቀ። ለመካድ እንኳ አልሞከረችም። «ስትተኝ ታቃስቻለሽ» አለች። «እንቅልፍሽ እንቅልፍ አይደለም። ትንሽ ላላ ሳረግልሽ ፊትሽ ይፈታል ልጀ። ምን ላርግ? እያየሁ ልቀመጥ?»

ጮህሁባት። ያለኝን አንድ ዕድል ቀበርሽው አልኋት። ጠላት የማይሠራውን ሠራሽብኝ አልኋት። እሷም ዝም አላለችኝም። ተነሥታ ቆመች፣ ድምፅዋ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

«ይኸ እግር ምን አረገሽ? አዝየው ከርሜያለሁ፣ አጥቤዋለሁ፣ ስሜዋለሁ። ለኔ ጎሎብኝ አያውቅም! ሰው ከሳቀብሽ በብረት መታሰር ያለበት የሳቀው ነው!»

 እውነቷን ነው፣ የሳቀው ነበር መታሰር ያለበት። ግን ሰዉን ሁሉ አስሬ አልዘልቀውም፤ ደግሞም በእግሬ ጎን ስረግጥ ጉልበቴና ወገቤ የሚጮኹት ሰው ስለሳቀ አይደለም። «ከማህፀንሽ ጋር ጠብ የለኝም እማ» አልኋት። «መርገጥ ነው የፈለግሁ። በመሀል እግሬ መርገጥ።»

አሁን የላላውን ግማሽ ዙር እዚያው ፊቷ ላይ መልሼ አጠበቅሁት። አልጮህሁም። እልህ ነበር። ማታ እራት አልበላንም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ሸሕዲ፣ ራጅ። ሚኒባሱ ውስጥ እግሬን ከነብረቱ መተላለፊያው ላይ ዘርግቼ ሄድሁ። አንድ የቀን ሠራተኛ መንገድ ዘጋሽ ሊል አፉን ሲከፍት አፈጠጥሁበት፤ ማዳበሪያ ጆንያውን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

የራጁን ፎቶ ለዶክተሩ ላክሁለት። ሲደውል ሁሉንም ነገርሁት፣ እናቴ መሆኗን ጭምር።  ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ አጥንቱ በውጭ በኩል መያያዝ ጀምሯል፣ በውስጥ በኩል ግን ገና ለስላሳ ነው፤ ጊዜው አላለፈም። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ስድስቴ ይዞራል። እስከ ሳምንት ጠቋሚዋ ከሄደች ደርሰንበታል። ካልሄደች... አልጨረሰውም፣ እኔም ጨርሰው አላልሁትም።

«ለምን ወደ ኋላ የማይዞር አድርገህ አልሠራኸውም?» አልሁት። «እንደ መኪና ክሪክ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ።»

አስበውት ነበር። ድንገት ጣት ቢደነዝዝ፣ ቆዳው ቢጨነቅ፣ ታማሚው እሱን ጠይቆ ማላላት እንዲችል ብለው ነው የተውት። «ስለ ደም ሥር አስበናል፣ ስለ ነርቭ አስበናል» አለ። «እናት ትኖራለች ብለን ግን አላሰብንም።»

«እንግዲህ ለሚቀጥለው ሰው አስቡ!» አልሁት። መሐንዲሱን ዛሬውኑ አነጋግረዋለሁ አለኝ። ይነጋገሩ።

ወሬው ሲሰማ ምክሩ በረከተ። እትየ ማሬ ኪያቤውን በክር አንገትሽ ላይ እሰሪው አሉ። አደራጀው እማን ሰኞ መኪና ላይ አሳፍሪያት አለ። ረቡዕ ጣይው ያለው ሰው ዛሬ የብረቱ ጠበቃ ሆኗል።

ማታ የመጨረሻዋን ላዞር ኪያቤውን ዳዶው ላይ ገጠምሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ራሴን ሰደብሁ። ሩብ ዙር ናት፣ ከወፍራም ክር አትበልጥም አልሁ። ጥርሴን ነከስሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልሆነም። ኪያቤውን ጥዬ አለቀስሁ። እማ ከወዲያ ጥግ ተቀምጣ ታየኛለች፤ አልቀረበችም። ትናንት እናቴን የሰደብኋት እኔው ራሴ ላልቻልሁት ነገር ነው። የዛሬዋ ሩብ ሳትዞር አደረች።

እሁድ፣ መጋቢት 14

እማ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጓዟን ቋጥራ በር ላይ አስቀመጠች። «አብርሃ ጅራ ልግባ» አለች። «ነገ መኪና አለ። እዚህ ሁኘ ከማበላሽብሽ።»

ሌሊቱን ሳስብበት ነው ያደርሁት። ወንድሜም ጎረቤቴም ያሉኝን አንዱንም አላደርግም። ኪያቤ አንገቴ ላይ አላስርም፤ እናቴንም እንደ ሌባ አልጠብቅም፣ አላባርርም። «የትም አትሄጅም» አልኋትና ኪያቤውን መዳፏ ላይ አስቀመጥሁት።

«ትናንት አቅቶኛል፣ አይተሻል። ከዛሬ ጀምሮ አንች ነሽ የምታዞሪው። ወደ ቀኝ።»

«እኔ? በገዛ እጄ ላሳምምሽ?»

«አዎ። ሌላ ሰው አላምንም።»

እሳት የያዘች ይመስል እጇን ልትስብ ቃጣት፣ ግን አልጣለችውም።  አየችኝ፣ እግሬን አየችው፣ ወደ ጓዟ ዞራ አየች። ከዚያ አጠገቤ ተንበረከከች። ዘይት ፈለገች፤ ከለከልኋት። ኪያቤውን ዳዶው ላይ ገጠመች፣ የትኛው ቀኝ እንደሆነ በጣቴ አሳየኋት፣ ጀመረች።

ጮህሁ። የትናንቷም ተጠራቅማ ነው መሰለኝ ከወትሮው ባሰብኝ። እትየ ማሬ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው «ኧረ ልጅቱን ገደልሻት!» አሉ። የእማ እጅ ቆመ።

«እንዳታቆሚ!» አልኋት።

አላቆመችም። እንባዋ እጇ ላይ እየወረደ ሩቡን ዙር እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ጠቋሚዋ ሄዳ እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ አላየሁም። ለማወቅም ሳምንት ይፈጃል፤ ላይሆንም ይችላል። እማ ኪያቤውን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።