ለጉድጓዴ የሚስማማ ስዊች

ሰኞ

ስዊቹ ተቃጠለ። ሽታውን ቀድመው ያገኙት እትዬ ጥሩ ናቸው። ካውያውን አቁመው «እናኑ፣ የሆነ ነገር እየነደደ ነው!» ሲሉ ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት። ክዳኑን በካቻቢቴ ስከፍት ውስጡ ከሰል መስሏል። ጡጫ የምታህል ዕቃ ናት፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ሲሞላ ታቆማለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኼው ነው። ያለ እሷ ግን ውኃ የለም።

በየትኛው ሳምንት! መዘምራኑ ለሆሳዕና የሚለብሱትን አርባ ሁለት ነጭ ቀሚስ ያመጡት ዛሬ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይወስዳሉ። ከኩዌት ተመልሼ ይህችን የልብስ እጥበት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ጊዜ መጥቶልኝ አያውቅም። ደግሞ የከተማው ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል። ያለኝ ግቢዬ ውስጥ ያለው ጉድጓድ ብቻ ነው።

ጌትነት መጣ። የቤቱን መብራት የዘረጋልኝ እሱ ነው። «ለጊዜው ቀጥታ ላገናኘው» አለና ስዊቹን አውጥቶ ሽቦውን ከሽቦ አገናኘ። አሁን ፓምፑን የምናስነሳውም የምናቆመውም በብሬከሩ፣ በእጃችን ነው። አልወደድኩትም። ግን ዘጠኝ ቀሚስ ታጠበ።

ማክሰኞ

አለመውደዴ ልክ ነበር።

እኔ ዛሬ የታጠቡትን ዘጠኝ ቀሚሶች እያሰጣሁ እትዬ ጥሩ ብሬከሩ ዘንድ ቆመው ነበር። ማሽኑ ሞልቶ ውኃውን ሲዘጋ ፓምፑን ማጥፋት አለባቸው። አንዲት ደንበኛ በር ላይ ጠራቻቸውና ሄዱ። ፓምፑ መግፋቱን ቀጠለ። ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ፏ! ብሎ ተነቀለና ግድግዳውንም መሬቱንም አጠበው። ጭቃው ተተኩሰው የተሰቀሉት ቀሚሶች ላይ ዘለለ። ስድስቱ ተበላሹ።

እትዬ ጥሩ አለቀሱ። የእናቴ እህት ናቸው፤ ስድሳ ካለፋቸው ቆይቷል፤ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጄ» አሉ።

«እርስዎ ምን አጠፉ? ሰው እኮ ስዊች አይደለም» አልኳቸው። ትንሽ ሳቁ።

ቀጥታ የተገናኘውን ሽቦ ዛሬውኑ አስፈታሁት። ውኃ በባልዲ እየቀዳን ስድስቱን እንደገና በእጅ አጠብን። ወገቤ!

ረቡዕ

ጌትነት አዲስ ስዊች ይዞ መጣ፤ የተነቀለውን ቧንቧም ገጠመ። ቁጥር የሚያሳይ፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት ያለው። «ዘመናዊ ነው፣ ራሱ ያስባል» አለኝ።

ሲነሳ ያምራል። የግፊት መለኪያው ሁለት ባር ደረሰ፣ ሁለት ተኩል ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቷል፤ ፓምፑ ግን አያቆምም። እጄን ሞተሩ ላይ ባደርግ ማቆየት አልቻልኩም። አጠፋሁት።

ጌትነት «ፓምፕሽ ደክሟል፣ ፓምፕ ቀይሪ» አለ።

ፓምፑ አልደከመም። ክረምት ላይ ሦስት ባር ይደርሳል። አሁን በጋ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ወርዷል። ገመድ ጥዬ ለካሁት፤ ከጥምቀት ወዲህ ብቻ አንድ ክንድ ተኩል ቀንሷል። ከዚያ ጥልቀት ስቦ ከሁለት ተኩል በላይ መግፋት አይችልም። ይሄ ዘመናዊ የተባለው ደግሞ የሚያቆመው ሦስት ሲሞላ ነው፤ ቁጥሩም አይቀየርም። የማይመጣ ነገር ሲጠብቅ ሞተሬን ሊያቃጥለው ነበር። በዚያ ላይ ከሰዓት የመብራት ኃይሉ ሲዳከም እሱም እያጠፋ እያበራ ተርገበገበ።

«ለዚህ ቤት አይሆንም፣ መልሰው» አልኩት ጮክ ብዬ። ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽ?» አለኝ።

መሐንዲስ አይደለሁም። ኩዌት የሠራሁበት ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ ፓምፕ ነበር። ጠጋኙ በመጣ ቁጥር ሻይ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። «አትንኪ» ነበር የምባለው። አልነካሁም። ዐይኔን ግን ማን ይከለክላል? ሞላውን ሲያጠብቅ፣ መለኪያውን ሲያይ፣ እንደገና ሲያላላ ሰባት ዓመት አይቻለሁ።

ነገ ራሴ እገዛለሁ። የምፈልገውን እዚሁ ልጻፍ፦
ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አምፔር በደንብ የሚችል፣ እንዲያውም የሚተርፍ።
የሚነሳበትና የሚያቆምበት ግፊት በሞላ የሚስተካከል።
የመብራት ኃይል ሲወዛወዝ የማይታመም። ማለትም ቁጥርና መብራት የሌለው።
ክዳኑ በደንብ የሚገጥም። የኔ ቤት እንፋሎት ነው።

የቀሩት ቀሚሶች፦ ሃያ አራት። አልፈራሁም። ትንሽ ብቻ።

ሐሙስ

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ገበያው ዳር የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ ናቸው። የተቃጠለውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አገላበጡት።

ሦስት ዓይነት አወጡልኝ። ሁለቱ ከውጭ መንታ ናቸው፤ ቀለማቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ። «በእጅሽ መዝኚያቸው» አሉኝ። አንዷ ላባ ናት። ክፈቱልኝ አልኳቸው፤ አልተቆጡም፣ ከፈቱልኝ። ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙትና የሚያቋርጡት የቀላሏ ነጥቦች እንደ ቆርቆሮ የሳሱ ናቸው። የከባዷ ወፍራም ናቸው፤ ክዳኗ ውስጥ አምፔሩ ተጽፏል፣ ከሞተሬ በእጥፍ ይበልጣል። ሞላዋም ሁለት ነው፤ ትልቁ ለሁለቱም ግፊት፣ ትንሹ በመነሻና በማቆሚያ መካከል ላለው ልዩነት።

«ሐጂ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቷን ይወስዳሉ?»

«ቀላሏን የወሰደ ሰው ክረምት ሳይገባ ይመለሳል። አንቺ እንድትመለሺ አልፈልግም» አሉኝ። ሦስተኛውን ሳላየው ከባዷን ያዝኩ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ቆይ፣ አሮጌው ለምን ተቃጠለ? ይኼ እኮ ደህና ዕቃ ነበር።» አላሰብኩበትም ነበር! «ከፓምፑ ቀጥሎ ውኃና አየር የሚይዘውን የግፊት በርሜልሽን አንኳኪው። ላዩ ባዶ ድምፅ ካልሰጠ አየሩ ወጥቷል። አየር ከሌለው፣ ውኃ በከፈትሽ ቁጥር ስዊቹ ፓምፑን ቶሎ ቶሎ ያስነሳል፣ ቶሎ ቶሎ ያቆማል። እንዲያ እየሆነ የትኛው ነጥብ ይችላል? ይችንም ይበላብሻል።»

ቤት ገብቼ አንኳኳሁ። ታቹም ላዩም አንድ ድምፅ። ውኃ ብቻ።

እውነትም ትዝ አለኝ፤ ካለፈው ወር ጀምሮ ስዊቹ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር። ሥራ ላይ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር!

ዓርብ

ጠዋት ጎሚስታውን ይርጋን ከነመንፊያው ይዤው መጣሁ። ብሬከር አወረድን፣ በርሜሉን እስኪጨርስ አፈሰስነው። በርሜሉ ውስጥ ውኃውን የሚይዝ የጎማ ከረጢት አለ። ከተቀደደ በርሜሉ አለቀለት፤ ሌላ ደግሞ እዚህ አይገኝም። «የአየሩን አፍ ስትጫነው ውኃ ከወጣ ተቀዷል ማለት ነው» አልኩት።

ተጫነው። እትዬ ጥሩ አማተቡ።

ጭ… አለ። አየር። ደረቅ አየር፣ እሱም ጥቂት። ይርጋን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

«አንድ ባር ሙላልኝ» ስለው «አንድ? ለብስክሌት እንኳ አይበቃም!» አለ። አንድ ብቻ አልኩ። ስዊቹ ፓምፑን ከሚያስነሳበት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ሞላው።

ሽቦውን ለማሰር ግን ጌትነትን ጠራሁት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ መጣ። ሥራው ንጹሕ ነው፣ የምድር ሽቦውንም ሳልነግረው አሰረ። «ረቡዕ ክፉ ተናግሬሻለሁ» አለ፣ ሳያየኝ። «እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌአለሁ» አልኩ። ከዚያ «ስንት ላይ ላቁመው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠየቀኝ!

«አንድ ነጥብ ሁለት ላይ ይነሳ፣ ሁለት ነጥብ ሁለት ላይ ይቁም።»

ብሬከሩን እያወረደ፣ ሞላውን ሩብ ዙር እያዞረ፣ እንደገና እያበራ ሞከረ። በአምስተኛው ሙከራ የመለኪያው መርፌ ሁለት ነጥብ ሁለት ላይ ስትደርስ ጠቅ። ፓምፑ ቆመ። እትዬ ጥሩ፣ ጌትነትና እኔ መርፌዋን ስናይ ቆየን። አልወረደችም።

እስኪመሽ ዐሥራ ዘጠኝ ቀሚስ።

ቅዳሜ

የመጨረሻዎቹን አምስት በጠዋት አጠብን። ደመና መጣ፤ ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ ተነሳና ወሰደው። በስድስት ሰዓት ሁሉም ደርቋል። እትዬ ጥሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው ተኮሱ፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ።

የመዘምራኑ ተጠሪ አንድ በአንድ ቆጠረች። አርባ ሁለት። ጭቃ የነካቸውን ስድስቱን ራሴ ነገርኳት። ለይታ ፈለገቻቸው፣ ልታገኛቸው አልቻለችም።

እሑድ፣ ሆሳዕና

ዘንባባው ሁሉ ሲወዛወዝ እኔ የማየው የቀሚስ ጠርዝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነጭ ነበር፣ ሁሉም።

ስመለስ ገመዴን ጣልኩ። ውኃው ከረቡዕ ወዲህ ሌላ አራት ጣት ወርዷል። ዝናብ እስኪመጣ ይበቃ ይሆን? አላውቅም። ካልበቃ ማቆሚያውን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፤ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ።

ይህን ስጽፍ እትዬ ጥሩ ግቢ ውስጥ እግራቸውን እየታጠቡ ነው። ውኃው ለረጅም ጊዜ ከበርሜሉ ብቻ ወረደ። ከዚያ ጠቅ አለ፣ ፓምፑ ተነሳ። እሳቸው ቧንቧውን ዘጉ። ፓምፑ ጥቂት ሠርቶ ራሱ ቆመ።

ለማየት አልተነሳሁም።