የኮሶ ቀኔ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.፣ ጎንደር

እናቴ በጠና ታማለች። የአገሬ ሰው አያ ደሴ ወሬዋን ይዞ ከመካነ ብርሃን ለገበያ መጥቷል፤ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ እንደሚጓዝ ትናንት ልኮብኛል። እኔ ግን በሐኪም ቤቱ የመድኃኒት ክፍል ጠርሙስ አጣቢ ነኝና ፈቃድ የለኝም። እንደ እኔ ላለ ሎሌ የቀረው አንድ ፈቃድ ነበር፤ ኮሶ የጠጣን ሰው ማንም አያዝዘውም፣ ተኝቶ ይውላል። ጠጥቶ ተኝቷል ሲሉኝ ሾልኬ ወጥቼ አያ ደሴን ላየው አሰብሁ።

ስለዚህ ጠዋት ለኃላፊያችን ለአቶ ታፈረ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ኮሶ ልጠጣ አስቤአለሁ» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። «ምነው ልጄ፣ ፈረንጁ ሐኪም ለማን የደከመ መሰለህ?» ብለው ከመሳቢያ አንዲት ነጭ ክኒን አወጡ። «ይህችን ዋጥና ጠርሙስህን እጠብ። አታስታውክም፣ አትተኛም።»

ክኒኒቱን አውቃታለሁ። የኮሶውን አበባ ለሐኪሙ የወቀጥሁት እኔ ነኝ። ኮሶ ሰውን ምን ምን እንደሚያደርገው ሲጠይቀኝም ማጥወልወሉን፣ ጉልበት ማሳጣቱን፣ ሁሉንም የነገርሁት እኔው ነኝ። እርሱም ከአበባው ኃይል የሆድ ትሉን የሚገድለውን ብቻ አስመስሎ በአገሩ አሠራ፤ እኛን የሚያስተኛንን ቆርጦ ጣለው።

አቶ ታፈረ ቆመው እያዩኝ ዋጥኋት። ምንም አትመርም። እስከ ማታ በሙሉ ጤና ጠርሙስ ሳጥብ ዋልሁ።

አያ ደሴ ይህን ጊዜ ወለቃን አልፏል። ለእናቴ «ልጅሽ ደኅና ነው፤ ሊያየኝ ግን አልወጣም» ይላት ይሆናል፤ በሕይወት ከጠበቀችው።