ለሚጡ ይሆናል

ውድ ሚጡዬ፣

ብደውልልሽ ድምፅሽን ገና ስሰማ እንደ ልማዴ ማዘዝ እጀምራለሁ ብዬ ስለፈራሁ ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ የማዝሽ ነገር የለኝም። አፍሬያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ ቦታሽ የመጣሁት ቁም ሳጥኔን ሳጸዳ ውዬ ነው። እንደምታውቂኝ ልብስ መጣል አልችልም። አንድ ሸሚዝ ይዤ ተገትሬ እቆይና «ለሚጡ ይሆናል» ስል ቅልል ይለኛል። ወገቡ የጠበበኝ ለሚጡ፣ ቀለሙ የሰለቸኝ ለሚጡ፣ ገና ስገዛው ያልወደድኩት ሳይቀር ለሚጡ። ከዚያ ባዶውን መስቀያ አይቼ ደስ ይለኛል፤ ብዙም ሳልቆይ ሌላ እገዛበታለሁ። ባለቤቴ «የዚች ልጅ ቤት የቁም ሳጥንሽ ቅርንጫፍ ሆነ እኮ» ቢለኝ በነገር ወጋኝ ብዬ አኮረፍኩት።

ሐሙስ ለታ ደግሞ የሠርግ ቬሎዬን አወረድኩ። የቁም ሳጥኑን ግማሽ ይዞብኝ ነበር። ያንቺም ሠርግ በሚቀጥለው ወር ነው፤ እሷም ቬሎ ታገኛለች፣ እኔም ቦታ አገኛለሁ ብዬ በትልቅ ፌስታል ጠቅልዬ መጣሁ።

የምትሠሪበት መነጽር ቤት ፊት ለፊት ስደርስ፣ መንገዱን ሳልሻገር በመስታወቱ አየሁሽ። ብርቱካንማ ቀሚስ ለብሰሻል፤ እኔ ብሞት ላንቺ የማልመርጠው ዓይነት። ለአንዲት ትልቅ ሴትዮ መነጽር እየለካሽላቸው ትስቂያለሽ። ስታምሪ ለጉድ ነው። ቀና ስትዪ አየሽኝና ፈጠን ብለሽ ወደ ውስጥ ገባሽ።

ስገባ ያ ሌንስ የሚሞርደው ባልደረባሽ ደንበኛ መሰልኩት።

«ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ አሁን ትመጣለች።»

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

ሳቀ። «እህቷ እየመጣች ነው መሰለኝ። እህቷ ስትመጣ የምትለብሰው ኮት አላት፤ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው የሚውለው። እኛ ዩኒፎርሟ ነው የምንለው።»

ከዚያ ወጣሽ፤ ግራጫውን ኮቴን እስከ አንገትሽ ቆልፈሽ፣ በዚያ ሙቀት። እጅጌው ጣቶችሽን ውጧቸዋል። «እታለም፣ መጣሽ?» ስትዪኝ ሰውዬው አንቺንም እኔንም አየና አንገቱን ደፍቶ ሌንሱን ይጠርግ ጀመር።

ያኔ የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «አየሽ፣ ኮቱ እንዴት እንዳማረብሽ» አልኩሽና ፌስታሉን አቀበልኩሽ። በኮቱ ብቻ አይደለም ያፈርኩት፣ ሚጡ። ሁሉን ከሰማሁ በኋላ ቬሎውን በእጅሽ ማስያዜ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አንቺም ከፈት አድርገሽ አይተሽ «እግዜር ይስጥልኝ እታለም፣ ትንሽ ካስጠበብኩት ልክክ ይልልኛል» አልሽ። ፊትሽ ላይ ቅሬታ ብፈልግ አጣሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ ብለሽኝ ይሆን? እኔ እኮ ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴን የማለብሳት እኔ ነኝ» እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ሳስበው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ሚጡዬ፣ ቬሎውን አትልበሺው። እኔ እንዳይከፋኝ ብለሽ ለብሰሽው ስትገቢ እያየሁ እልል ማለት አልችልም። በሰው እጅ ላኪልኝ፤ መስቀሉንም መጣሉንም እኔው ልወቅበት። ያንቺን ራስሽ ምረጪ። «አብሬሽ ልምጣ» አልልሽም፤ ልቤ ቢፈልግም አልልሽም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ለሠርግሽ እኔ የምለብሰውን አንቺ ምረጪልኝ። ምንም ይሁን ምን እለብሰዋለሁ። ካልወደድኩት ግን እንዳንቺ ዝም ብዬ አልችለውም፤ እነግርሻለሁ። አንቺም ከእንግዲህ ንገሪኝ።

ባንቺ ሳይሆን በራሷ ያፈረችው፣
እታለምሽ