መስኮቱ ጋ የቆመችው ላዳ

ሰኞ

በመጨረሻ ተገኘች። ቢኒያም ደውሎ ሌላ ሰው ሊወስዳት እንደሆነ ሲነግረኝ ሚኒባስ ውስጥ መሆኔን ረሳሁት። «ላዳዋን ለማንም እንዳትሰጥብኝ፤ ነገ ሜክሲኮ መጥቼ እወስዳታለሁ» አልኩት። በሮቿ ይከፈታሉ? አራቱም። ቀለሟስ? ጭረት የለባትም። ስልኩን ስዘጋ ከፊቴ የተቀመጡ ሴት ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ አብነት ሰፈር የአክስቴ ጎረቤት። እኔም ፈገግ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ላዳዋ ከመዳፌ አትበልጥም። ከብረት የተሠራች፣ ከእውነተኛዋ አርባ ሦስት ጊዜ ያነሰች። መደርደሪያዬ በእንደዚህ ዓይነቶቹ ተሞልቷል፤ ቮልስ፣ አውቶብስ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ አፍንጫው የረዘመ አሮጌ የጭነት መኪና። ቀን ቀን ኢንሹራንስ ቤት ተቀምጬ የተጋጩ መኪኖችን ፎቶ እመረምራለሁ። ቤቴ ስገባ ያልተጋጩትን አያለሁ። ይህን ለሰው አስረድቼ አላውቅም።

የምፈራው አንድ ቃል ነው። አሻንጉሊት።

ማክሰኞ

ቢኒያም ሜክሲኮ አንድ ካፌ ጥግ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ከረባት ያስራል፣ እሱም እንደኔ ይሰበስባል። ሣጥኗን በጋዜጣ ጠቅልሎ በጠረጴዛው ሥር አቀበለኝ። ሁለታችንም ዙሪያችንን አየን። ምን እንዳጠፋን እንጃ።

ሰማያዊ ናት። ጣሪያዋም ሰማያዊ። የአዲስ አበባዎቹ ላዳዎች ጣሪያቸው ነጭ ነበር፤ ልቀባው እችል እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለወጠ። ቀለም አይነካም፣ ፀሐይ አይመታትም፣ ከሁሉ በላይ ውሃ እንዳይነካት አለኝ። ቃል ገባሁ።

ማታ እቴቴ ደወለች። አክስቴን እንዲህ ነው የምጠራት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

«ለእኔም ትደብቂኛለሽ? ዘነበች ነገረችኝ እኮ። መኪና ገዝተሻል።»

እቴቴ፣ መኪና አልገዛሁም አልኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልክ ነሽ። በስልክ አይወራም፤ ዓይን አለ» ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ

እንደገና ሞከርኩ። ትንሽ ናት አልኳት። የታደሰም ትንሽ ነበረች አለች። መንገድ ላይ አትወጣም እኮ፣ ሞተር የላትም አልኳት። ሞተር ይገዛል፣ የታደሰንም ሁለት ጊዜ አስቀይረናል አለች። አሻንጉሊት ናት ብል ኖሮ ያበቃ ነበር። ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

ጋሽ ታደሰ ባሏ ነበሩ። ላዳ ታክሲ ይነዱ ነበር። ሲያርፉ መኪናዋ ተሸጠች፣ እቴቴም ስለ መኪና ማውራት ተወች። ዛሬ ግን አወራች።

«ከእሱ ወዲህ ከፊት ተቀምጬ አላውቅም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ። አንድ ዙር ብቻ ታዞሪኛለሽ።»

መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ይህን አልጠየቀችኝም። ላዳዋን የፈለግኋት በእሳቸው ምክንያት መሆኑን እኔም አልነገርኳት።

ሐሙስ

ያሉኝ መንገዶች፦
ታምሜያለሁ ማለት።
ሸጥኳት ማለት። (በሦስት ቀን?)
መደርደሪያውን በአንሶላ መሸፈን።
እውነቱን መናገር። (ተናግሬያለሁ እኮ። ማን ሰማኝ?)

የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ጠዋት እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እቴቴ ደውላ የማቆሚያ ቦታ እንዲይዝልኝ ነግራዋለች። ስልኩን ከየት እንዳገኘች እንጃ። በሁለት ድንጋይና በአንድ ባልዲ ቦታ ይዞልኛል። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ምን ልበል?

እትዬ ዘነበች ደግሞ ሾፌር ልቀጥር እንደሆነ በሰፈሩ አስወርተዋል። ሴት ልጅ ብቻዋን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ መኪና ከነሾፌሯ። እቴቴ በዚህ ሳምንት አብነት ውስጥ ቀና ብላ እየሄደች ይሆናል። ሆዴን የሚያባባው ይሄ ነው።

ዓርብ

ምንም። ላዳዋን ከሣጥኗ አወጣኋት። መለስኳት። አወጣኋት።

ቅዳሜ

መደርደሪያውን በሜካፕ ብሩሽ ጠረግሁ። ጥሩ ቀን ነበር፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። ፀሐዩ መደርደሪያው ሳይደርስ ወለሉ ላይ ቆመ። ላዳዋን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሮቿን አንድ በአንድ ከፈትሁ። የፊት ወንበሯ ጥፍሬን ያህላል። ጋሽ ታደሰ ጠዋት ከመግባታቸው በፊት የታክሲያቸውን ጣሪያ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉ ነበር፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። አስፈቅጄ ነው የምገባው ይሉን ነበር።

አንሶላውን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ መለስሁ። አልሸፍንም።

እሁድ

ሁለት ሆነው መጡ። እቴቴ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እትዬ ዘነበች ድፎ ዳቦ ተሸክመው። በባልዲው የተያዘው ባዶ ቦታ ፊት ቆሙ።

«የታለች?»

ላይ ናት አልኩ። ፎቅ ላይ መኪና? አሉ እትዬ ዘነበች። ደረጃውን ወጣን። እቴቴ በየፎቁ ቆም እያለች ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ እኔ የምለውን እሰበስባለሁ። በሩን ከፍቼ መደርደሪያውን አሳየሁ።

እትዬ ዘነበች ናቸው ቃሉን የተናገሩት። «አሻንጉሊት?» ብለው መሳቅ ጀመሩ። እኔ ይቅርታ፣ ነግሬሽ ነበር፣ ትንሽ ናት ብዬሽ ነበር እያልሁ ስንተባተብ እቴቴ ዝም በይ እስቲ አለችኝ። መነጽሯን አደረገች። ከዚያ ሁሉ መኪና መሃል ማንም ሳይነግራት ላዳዋን አነሳች፤ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳርፋ። በጥፍሯ የቀኙን የፊት በር ከፈተች።

«በዚህ በኩል ነበር የምቀመጠው» አለች። ቀጥላ፣ «ጣሪያዋ ነጭ መሆን ነበረበት። ከላይዋ ፖርቶመጋላም ነበራት፤ የሰው ፍራሽ የሚጭንበት።»

«አስካለ፣ አሻንጉሊት እኮ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች፣ እቴቴን በስሟ ጠርተው።

«ላዳ ናት አልኩሽ።»

ጸበሉን መዳፏ ላይ ስታፈስ የቢኒያም ፊት ታየኝ። እጄ ተዘረጋ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሦስት ጠብታ ጣሪያዋ ላይ አረፈ። እቴቴ በጣቷ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከድፎው አጠገብ አስቀመጠቻት።

«በይ አዙሪኛ።»

በአንድ ጣት ገፋኋት። ጎማዎቿ በደንብ ይሽከረከራሉ። ዳቦውን እንደ ሜክሲኮ አደባባይ ቀስ ብላ ዞረች። እቴቴ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እንደ ተሳፋሪ። ግማሽ ስንደርስ እትዬ ዘነበች እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን።

«ቀስ በሉ፣ ትራፊክ አለ።»

እቴቴ ሳቀች። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ።

ሲወጡ ዘበኛው መኪናዋስ አለ። እትዬ ዘነበች አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እቴቴ ቀደመቻቸው። ቤቷ ገብታለች አለችው።

ሰኞ

ጠብታዎቹ ደርቀው ጣሪያዋ ላይ ሦስት ነጫጭ ክብ ጥለዋል። ፎቶ አንስቼ ለቢኒያም ላክሁለት። አይቶታል፤ አልመለሰም። በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ ይሆናል። አልሞከርኩም።

ዘበኛው ባልዲውን አላነሳም። ንገሪው ይለኛል ልቤ፤ ነገ።

ወደ ሥራ ልወጣ ስል እቴቴ ደወለች።

«የት አቁመሻት አደርሽ?»

«መስኮቱ ጋ።»

«ፀሐይ ይመታታል። ወደ ውስጥ አስገቢያት።»

ጫማዬን ሳላወልቅ ተመለስሁ። በእጄ አላነሳኋትም። ጣሪያዋን ሁለቴ ኳ ኳ አደረግሁና በአንድ ጣት ገፋኋት፤ በጎማዋ እየተንከባለለች ገባች።