እፍ ያልኩበት አረንጓዴ ብርሃን

ወንድሜ ጆሮ ትልቁ፣ እንዴት ነህ? ጆሮህስ አሁንም እያደገ ነው?

እንግዳ ሆኜ የመጣሁባት እህቴ ቤተ ሙከራ ገብቼ ጉድ ሠራሁ። የምትሠራው ፔሮቭስካይት ኳንተም ዶት የሚባል፣ ስሙ ምላስ የሚያስር፣ ለቴሌቪዥን የታሰበ ብናኝ ነው። መስታወት ላይ ቀብታ መብራት ስታበራበት እንደ ሰፈራችን ፋርማሲ ምልክት አረንጓዴ ቦግ ይላል። እርጥበት ከነካው ግን ይሞታል። ስልሳ ቀን ከበራ ሥራዋ ይቀጥላል፤ ካልበራ ትሰናበታለች። ሌሎቹ ከስመው የቀራት አንድ መስታወት ብቻ ነበር።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ልትለካው እርጥበት ከማይገባበት ሣጥን አውጥታ መብራት አብርታበት ዞር ስትል፣ "መልካም ልደት!" ብዬ እንደ ሻማ እፍ አልኩበት። ምራቄም ታክሎበት ከመሃሉ ጀምሮ ጠፋ።

አለቃዋ ሲመጣ "ጥፋቱ የአሠራሬ ነው፣ አልጸናም" አለችው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔ ለፍላፊው ጫማዬን እንደሚያስር ጎንበስ አልኩ።

ዛሬ ዕቃዋን ስትሰበስብ አላስችል ብሎኝ፣ ወደ አለቃዋ ሮጬ እውነቱን ተናገርኩ። ሳምንቱን ሙሉ በቀልድ ሳስቀው ከርሜ የለ፣ "አይ አንተ! ዛሬ እንኳ አታርፍም?" ብሎ ሳቀ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሳምልኝ፤ ልጆችሽ ደህና ናቸው በላት። አንተን ታምንሃለች።