የአሰቡ ቧንቧና የእኔ ዝምታ

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ዘ ሄግ

ዛሬ አቶ መኮንንን አየኋቸው፤ አሰብ ላይ አለቃዬ ሳሉ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ጥናቴን ስሜን ፍቀው በራሳቸው ስም ያስገቡትን ሰውዬ። እኔ ወደምማርበት ተቋም ለስብሰባ መጥተው ንድፉን ሲያሳዩ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ለካ የሰረቁኝ የመጀመሪያውን ረቂቅ ነው! እዚያ ላይ ጨው የበዛበትን ትራፊ ውሃ የሚደፋው ቧንቧ የባሕሩ ውሃ ከሚሳብበት ቧንቧ አጠገብ ነው፤ እኔ በኋላ አርሜዋለሁ። እንደዚያ ከተሠራ ማጣሪያው የተፋውን ጨው መልሶ ይጠጣል፤ ውሎ አድሮም ይቆማል።

ሆላንዳዊው መምህሬ "አንተም እዚያ ሠርተሃል፤ የምትጨምረው አለ?" አለኝ። አቶ መኮንን ላብ በላብ ሆኑ። ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁና "በታላቄ ፊት ምን እናገራለሁ?" አልኩ።

ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው "ያሳደገህ ይባረክ!" አሉኝ።

"እርስዎም ይኑሩልኝ" አልኩ። ይኑሩና ሲቆም ይዩት።

ትራም ላይ ብቻዬን እየሳቅኩ መጣሁ። ቤት ገብቼ ከቧንቧ ውሃ ስቀዳ ግን የአሰብ ጎረቤቴ እማማ ዘሀራ ትዝ አሉኝ፤ ቦቴ መጣ ሲባል ጀሪካን ይዘው የሚሮጡት። እሳቸው ምን አደረጉኝ?

አቶ መኮንን የሚሄዱት ዓርብ ነው። የሆቴላቸው ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ አለ። ዛሬስ አልደውልም። ዛሬ የኔ ነው።