ልካቸው ያልተጻፈው ልብስ ሰፊ

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበት ቤት አንድ ክፍል ሆኖ በመካከሉ መጋረጃ የተጋረደበት ነው። ወላጆቻቸው ሲኮራረፉ አንዱ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሌላው ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጡ ነበር፤ የሚኮራረፉትም ዘወትር ነበር። ታላላቆቹ ልጆች ወደ ውጭ ሲሮጡ አባታችን በመጋረጃው ሥር እየሾለኩ ለአባታቸው «እውነትህን ነው»፣ ለእናታቸው «እውነትሽን ነው» ይሉ ነበር ይባላል። አያታችን «ይህ ልጅ አስታራቂ ይወጣዋል» ብለው ነበር። የወጣቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው ዛሬ የምናነበው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። እጃቸው ሥዕል ይወድ ነበር። መምህራቸው ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት ሊያስገቧቸው ፈልገው ቢጠይቋቸው እሺ አሉ። በዚያው ሳምንት ልብስ ሰፊ የነበሩ አጎታቸው «ከእኔ ጋር ሥራ» ቢሏቸው እሱንም እሺ አሉ። አጎትየው ቤታቸው ቅርብ ስለነበር ቀድመው መጥተው ወሰዷቸው። በ1961 ዓ.ም. የስፌት ሙያ የጀመሩት እንዲህ ነው። የሥዕል መምህሩ በማግሥቱ ከነማመልከቻ ወረቀታቸው መጥተው በር ላይ ቆመው እንደተመለሱ፣ አባታችን ራሳቸው እየሳቁ ያጫውቱን ነበር። እኛም አብረን እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቀው ነገር አይታየኝም።

በ1969 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ ሁለት ሜትር ከግማሽ በሦስት፣ አንድ መስኮት ያለው፣ በቀኝ መድኃኒት ቤት፣ በግራ ቁልፍ ቀራጭ ያለበት ነው። ቁልፍ ቀራጩ ሱቃቸው ላይ «ቁልፍ እንሠራለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅለው ነበር። አባታችንም የልብስ ቁልፍ ስለሚተክሉ «ቁልፍ እንተክላለን» ብለው ሰቀሉ። ከዚያ ወዲያ የኮት ቁልፍ የወደቀበት ሰው ቁልፍ ቀራጩ ዘንድ፣ የቤት ቁልፍ የጠፋበት ሰው እኛ ዘንድ እየገባ ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በግድግዳው በኩል «ያንተ ነው፣ ላክሁልህ!» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ምሳ የሚበሉትም አብረው፣ ከአንድ ሳህን ነበር። ወዳጅነታቸው ሃያ አምስት ዓመት ቆየ።

በሙያቸው ስማቸው የተከበረ ነበር። በመደርደሪያቸው ላይ ሠላሳ አንድ የልክ ደብተር ይገኛል። የደንበኛው ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና እጅጌ ይጻፍና ከጎኑ ማስታወሻ ይከተላል። «ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ሳይታወቅበት ሙላለት» ይላል አንዱ። «ሆዳቸውን ስለካ ትንፋሽ ይይዛሉ፣ አራት ሴንቲ ጨምር» ይላል ሌላው። «ሙሽራ ነው፣ በዓመቱ ይወፍራል፣ ከስፌቱ ውስጥ ጨርቅ ይትረፍ» የሚልም አለ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ በዚያ ደብተር ውስጥ አላችሁ፤ ትንፋሽ የምትይዙትም ጭምር።

ደንበኛ የፈለገውን ሲናገር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እንዳሉ»። ብዙ ሆነው ለሚመጡት ደግሞ «እንዳላችሁ»። ሰፈሩ ቅጽል ስም ሲያወጣላቸው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ እንዳላችሁ አላቸው። ለልብስ ሰፊ መልካም ስም ነው። ያዘዝነውን የሚሰፋልን ሰው ማን ይጠላል? ችግሩ አባታችን ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ቤት ሲገቡም ስሙን ሳያወልቁ መግባታቸው ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ተጋቡ። እናታችን የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ለጋብቻ ሲጠየቁ ሦስት ሳምንት አስበው፣ ከራሳቸው ጋር ተሟግተው ነው እሺ ያሉት። አባታችንን የጠየቋቸው የራሳቸው አክስት ነበሩ። መልሳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አልወሰደም፤ «አንቺ እንዳልሽ» አሉ። እናታችን ይህን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው፤ «ፈልገኸኝ ነው ያገባኸኝ?» እየሳቁም ጠየቁ፣ እያለቀሱም ጠየቁ፣ ሽንኩርት እየከተፉም ጠየቁ። አባታችን ግራ ገብቷቸው «አንቺ እንዳልሽ ነው» ይላሉ። በ2010 ዓ.ም. እናታችን በታመሙበት አልጋ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቁ። መልሱ ያው ነበር። እናታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እናታችን ካረፉ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አባታችን የእናታችን ልክ የተጻፈበትን ገጽ ገልጠው ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጠው ነበር የሚሰፉት። የሌላ ሰው ልክ ሲፈልጉ ሌላ ደብተር ያወጣሉ እንጂ ያንን አያጥፉትም። ይህ ፍቅር ካልሆነ ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም። ግን ለእናታችን አልደረሳቸውም። ሰው የሚወደውን ራሱ ሳያውቀው ከቀረ፣ የተወደደው ሰው በምን ያውቃል?

ከዚህ ጋብቻ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ወንድ ልጃቸው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ትምህርት አቁሞ ከጭነት መኪና ጋር ሊሄድ መሆኑን ሲነግራቸው «አንተ እንዳልክ» አሉት። የነገራቸው እንዲከለክሉት እንደነበረ አሁን ድረስ ይናገራል። «አንድ ቀን እምቢ ቢሉኝ ኖሮ የምደገፍበት ግድግዳ እንዳለኝ አውቅ ነበር» ይላል። ዛሬ ሾፌር ነው፤ ወገቡን ታሞ ትራስ ተደግፎ ነው የሚነዳው። ታላቅ ልጃቸው፣ ማለትም ይህን የምጽፈው እኔ፣ አስተማሪ ነኝ። እኔ ከአባቴ ተቃራኒ ወጣሁ፤ በሁሉ ነገር አሳብ አለኝ። ይህም የራሱ መዘዝ እንዳለው ወደ ኋላ ትሰማላችሁ።

በ1994 ዓ.ም. የሱቆቹ ባለቤት ቁልፍ ቀራጩን ለማስወጣት ፈልገው፣ «ማሽናቸው ይረብሸናል» የሚል ወረቀት አዘጋጅተው ጎረቤቶቹን አስፈረሙ። አባታችን «እርስዎ እንዳሉ» ብለው ፈረሙ። በማግሥቱ ቁልፍ ቀራጩ «ረብሸውን አያውቁም» የሚል ወረቀት ይዘው መጡ። አባታችን በደስታ፣ ሻይ አስመጥተው፣ «አንተ እንዳልክ» ብለው ፈረሙ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። አባታችን ግን ለብልጠት አልነበረም፤ ሁለቱንም ጊዜ ከልባቸው ነበር፤ ነገሩን የሚያብሰውም ይኸው ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በሽምግልና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊርማው አንድ ዓይነት ነበር፣ ቆንጆ ፊርማ፤ የሥዕል እጃቸው የቀረው እዚያ ላይ ነበር።

ቁልፍ ቀራጩ ዕቃቸውን ሲያወጡ በራችን ላይ ቆም ብለው «ጠላቴ ብትሆን እኮ አውቅህ ነበር» አሏቸው። አባታችን ያን ቀን ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስተው አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ብቻቸውን፣ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው ይበሉ ነበር። «ቁልፍ እንተክላለን» የሚለው ሰሌዳ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል፤ የቤት ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ የሚገባ ሰው ግን የሚላክበት የለም። ቁልፍ ቀራጩ በሕይወት እንዳሉ ሰምተን መልእክት ልከንላቸዋል። ከመካከላችሁ ካሉ፣ ስለ አባታችን ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። አባታችን ይህን መጠየቅ ፈልገው ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ ምን እንደፈለጉ አላውቅምና።

አባታችን በዚህ ዓመት ከየካቲት ወር ጀምሮ መዋጥ እየተሳናቸው ሄደ። ምርመራው የጉሮሮ ዕጢ መሆኑን አሳየ። ሐኪሟ መልካም ሴት ናቸው፤ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ ሁለቱን መንገድ አስረዱ። አንደኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ ዕድሜ ሊጨምር ይችላል፣ ግን ረጅም የሆስፒታል ቆይታ፣ በጉሮሮ ቱቦ፣ ምናልባትም ድምፅ ማጣት አለው። ሁለተኛው ማስታገሻ ይዞ ቤት መግባት ነው፤ ጊዜው አጭር ይሆናል፣ ቀኖቹ ግን የራሳቸው ይሆናሉ። ከዚያም «አባባ፣ ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጥብዎት ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም ይመስለኛል። አባታችን ሐኪሟን አዩ፣ እኛን አዩ፣ መልሱ እኛ ፊት ላይ የተጻፈ ይመስል። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው «እንዳላችሁ» አሉ። ሐኪሟ ደግመው ጠየቁ። ደግመው «እንዳላችሁ» አሉ።

ወንድሜ ቤት ይግቡ አለ። እኔ ይታከሙ አልኩ። አንድ ለአንድ ነበርን፤ ድምፅ የሚለይ ሦስተኛ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ድምፁን አልሰጠም። እኔ ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ አሸነፍኩ። ያኔ የአባታችን አጎት ቤት ቅርብ ስለነበር እንደሆነው ሁሉ፣ የእኔም ድምፅ ቅርብ ስለነበር ሆነ። በዚህ ዓይነት ነው የአባታችን የመጨረሻ ቀኖች የተወሰኑት።

ቀዶ ጥገናው መጋቢት 26 ቀን ተደረገ። አባታችን ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ቱቦው በአንገታቸው፣ ሌላው በአፍንጫቸው ነበር። እጃቸው ብርድ ልብሱን በስንዝር ይለካ ነበር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደገና ከዳር። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን እርሳስና ወረቀት ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ ወስዶባቸው፣ በዚያ ቆንጆ እጃቸው ሁለት ፊደል ጻፉ፦ «ቤት»።

ወንድሜ ወረቀቱን አይቶ ከክፍሉ ወጣ። እኔ ሐኪሟ ዘንድ ሮጥኩ። ከመሣሪያው ከተነቀሉ መንገድ ላይ እንደሚያልፉ ነገሩኝ። ተመልሼ ለአባቴ «እሺ፣ ትንሽ ሻል ይበልዎትና» አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ እንዳልኩ ማለታቸው ነው። አባታችን በዕድሜያቸው ሙሉ የራሳቸው የሆነ አንድ ነገር ፈልገው አንድ ጊዜ ተናገሩ፤ እሱንም ከለከልኳቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አስከሬናቸው ሆስፒታል እያለ የሙያ ባልደረባቸው የሆኑ አንድ ልብስ ሰፊ መጥተው፣ «የመጨረሻ ሱፋቸውን ሌሊቱንም ቢሆን ሰፍቼ አደርሳለሁ፤ ልካቸውን ብቻ ስጡኝ» አሉን። ወንድሜና እኔ ሠላሳ አንዱን ደብተር አወረድን። የሰፈሩ ሁሉ ልክ አለ። የሥዕል መምህሩ አለ፣ አጎትየው አለ፣ ቁልፍ ቀራጩ አለ፣ እኛ ከልጅነታችን እስከ ዛሬ በየዓመቱ አለን። የአባታችን ልክ የለም። ደረታቸው ስንት እንደሆነ ከሁለታችን የሚያውቅ አልተገኘም። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልነው፤ በዕድሜያቸው ሁሉ የለበሱት ደንበኞች አሰፍተው ሳይወስዱ የቀሩትን ልብስ ነበር። ለራሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልሰፉም።

ዛሬም የለበሱት ከሱቁ ተሰቅሎ ያገኘነውን፣ ሳይወሰድ የቀረ ግራጫ ኮት ነው። እጅጌው ጣታቸውን ይሸፍናል። ትከሻው ላይ ግን ልክ ይመስላል፤ ወይም እንዲመስል ፈልገን ይሆናል። የኮቱ ባለቤት እዚህ ካሉ ይቅርታ ያድርጉልን።

«ልክህን እወቅ» በአፋችን ስድብ ነው። ለልጆች ስንቆጣ፣ ከሰው ስንጣላ የምንለው ነው። እኔ ግን ዛሬ የምለምናችሁ በእሱ ቃል ነው። ልካችሁን እወቁ። የምትወዱትን፣ የማትሸጡትን፣ እምቢ የምትሉበትን ነገር እወቁና ድምፅ ሳላችሁ ለቤታችሁ ሰው ንገሩ። ለትልቁ ቀን አይደለም፤ ትልቁ ቀን ሲመጣ ቱቦ ጉሮሮ ላይ ነው። ለምሳ ሰዓት፣ ለወረቀት ፊርማ፣ ሚስት ሽንኩርት እየከተፈች ለምትጠይቀው ነው። አባታችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ማንንም አልበደሉም ብለን እዚህ ብንጽፍ ሁላችሁም ታምኑን ነበር፤ እኛ ግን እዚያ ቤት ነው ያደግነው።

አባታችን የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ሥዕል ትወዳለች። ማንም ከመጠየቁ በፊት «እኔ ሠዓሊ ነኝ» ብላ ነግራናለች፤ እኛም ጽፈን ይዘነዋል።

በሕመማቸው ለረዳችሁን፣ ዛሬም ልትሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን። የሰውን ሁሉ ልክ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ፈጣሪ፣ አባታችን ሳይናገሩት የቀሩትን ሰምቶ፣ የጻፉትን አንዲት ቃል አንብቦ ወደ ቤቱ ያግባልን። በሰው ኮት ቢመጡበትም በራሳቸው ልክ ይቀበልልን።